ስምንትና ስምንት አራት ነው

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለእትዬ ጥሩወርቅ
ጅቡቲ

ሰላምታዬ በበረሃው ሙቀት ሳይቀልጥ ይድረስሽ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሳልወድ በግዴ ነው። ቆመሽ ከሆነ ወንበር ሳቢ፤ ውሃም አጠገብሽ ይኑር። ከዚራ በከባድ ሐዘን ተመትታለች። ጋሽ ዓለምሰገድ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ቅዳሜ ዕለት ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ላይ እንደ ወትሮአቸው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ድንኳኑን ሲያንቀጠቅጡ ቆይተው፣ ሙሽራዋ ልትገባ ስትል አንድ ጊዜ «ጧ» አሉና ጸጥ አሉ። ደረታቸውን ዳበስን፤ ገና ትኩስ ነበር። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግን። ኸባብ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «አለቀ» ብሎ ተነሣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያስጨፍሩ ኖረው በጭፈራ መሐል ሄዱ። ለአራት ሆነን ተሸክመን ወደ ቤት መለስናቸው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ለዝርዝሩ ገጹን ገልብጪ።

(ከገጹ ጀርባ)

ገለበጥሽ? አይዞሽ አቦ። የሞተው የባንዳችን የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ስሙን ጋሽ ዓለምሰገድ ያልነው እኛ ነን፤ ድምፁ እንደ ጎረቤታችን እንደ ጋሽ ዓለምሰገድ ወፍራም ስለሆነ። ሰውየውማ አለ። አሁን በመስኮት ይታየኛል፤ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያንኑ ራዲዮኑን ፈታቶ እየገጠመ ነው።

መቼም ስልኬን ዘግተሽብኛል። ባለፈው ድምፄን ቀይሬ «ከጉምሩክ ነው፣ ሻንጣሽ ውስጥ የጅብ ግልገል ተገኝቷል» ስልሽ «ከዛሬ ጀምሮ የምትለኝን በወረቀት ጽፈህ ፈርምበት» ብለሻል። ይኸው ጻፍኩ። ዒሴ በከባድ መኪናው ያደርስልኛል።

ጉዳዩ ይህ ነው። ሚያዝያ 26 የሳብሪን ሰርግ አለብን፤ እዚያው ሳቢያን። የባንዱ አለቃ ኸባብ ምን አለኝ መሰለሽ? «እስከዚያ ቀን ቤዝህ ካልተሰማ ሥራውን የጦልሃ ግራ እጅ ይይዘዋል፤ አንተ ገመድ ትጠቀልላለህ።» ጦልሃ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው። በቀኙ ዜማውን፣ በግራው ቤዙን መምታት ይችላል። አራት ዓመት ቤዝ ተጫውቼ በአንድ ግራ እጅ ልተካ ነው፤ ያውም ጥፍሩን በማይቆርጥ።

አንቺ ደግሞ የምድር ባቡር ኤሌክትሪሺያን ልጅ ነሽ፤ እዚያ ወደቡ አጠገብ ባለው ሱቅ አሮጌ የድምፅ ዕቃ እየፈተሽሽ የምታስወጪውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምረጪልኝ። አዲስ ሄድ፣ ማለት ድምፁን የሚያጎላውን ሳጥን፣ ከነስፒከር ካቢኔቱ። ትልቅ ይሁን። ሳቢያን ሲመታ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሚሰማ።

ታዛዥሽ ይሳቅ
(ፈርሜአለሁ)


ጅቡቲ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለይሳቅ፣

እግዚአብሔር መጽናናቱን ያብዛላችሁ። የእሱንም ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

ዒሴ ደብዳቤህን የሰጠኝ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለ ነው። ወንበር ሳቢ ብለህ ነበር፤ ሳልስብ አነበብሁት። መጀመሪያ ቀልድህ መስሎኝ ነበር፤ አንተን ማን ያምናል። ግን «አረፉ» ብለሃል። እኛ ድሬዎች ሕፃኑንም ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንል፤ ሰው አንቱ የሚባለው ሲሞት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። እስከ ገጹ ግርጌ እንኳ በእንባ ነው የደረስሁት።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥሁ። እዚህ ያሉት የድሬ ልጆች አልተለዩኝም። ከእነሱ አንዷ ሀዎ ጾም መያዜን አውቃ ሥጋ የሌለበት ሩዝ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ባለሱቁ ፈቃድ ሲሰጠኝ «ምንሽ ነው?» አለኝ። ጎረቤቴ ነው አልሁት። «ለጎረቤት እንዲህ ይለቀሳል?» ብሎ አየኝ።

ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር ጋራዥ አብሮ መሥራቱን ታውቃለህ። የማታውቀው ይህን ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወደዚህ ለመምጣት ስሳፈር፣ በባቡሩ መስኮት አንድ ነገር ጠየቀኝ። ባቡሩ ተነሣና ሳልመልስ ቀረሁ። በባቡሩ አመካኘሁ እንጂ ጊዜስ ነበረኝ።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። እንዳትከፍተው፤ ለሰው እንዳታሳየው። ከመቃብሩ ራስጌ አፈሩን ጫር አድርገህ ቅበርልኝ። ለእሱ ይድረሰው፤ ለእሱ ብቻ። ለሞተ ሰው መመለስ ይቀላል።

የቀብሩን ቦታ ጻፍልኝ፤ ለአርባው እመጣለሁ። ደግሞ ልንገርህ፣ ደብዳቤህ የትልቅ ሰው ደብዳቤ ነው። ሐዘን አሳደገህ። እንዲህ አድርጎ ያቆይህ።

ጥሩወርቅ


ድሬ ዳዋ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ጥሩወርቅ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ቁጣሽ ይጠር። ይህ ወረቀት ሲሰጥሽ በእጅሽ የሚወረወር ነገር እንዳይኖር ዒሴን አደራ ብየዋለሁ።

ገጹን ገልብጪ ብዬ ነበር። ወላሂ ብዬ ነበር፤ ግርጌው ላይ አለ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጪውና ገልብጠሽ አንብቢው። ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አነበብሽ? ሰውየው አልሞተም። የሞተው ሳጥኑ ነው። ሰውየው ዛሬ ጠዋት ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ የሞተ ሰው እንዲያ አይጨቃጨቅም። አንቱ ያልኩት ጽሑፉን ለማሳመር ነው። አንቱ እንዲህ ሰው የሚገድል መሆኑን ማን ነገረኝ? በድሬ አላደግንበት።

ለቀስተኞቹን ይቅርታ በይልኝ። ሩዙ ግን ይጥም ነበር?

በይ ወደ ሕያዋን እንመለስ። ጦልሃ ግራ እጁን በቅባት ማሸት ጀምሯል። ትናንት ሰላም ስለው በግራው ጨበጠኝ፤ ልኬን ሊያሳየኝ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ አሰብኩ። ሦስት ካቢኔት አለን፤ ሁለቱ ባለ አሥራ አምስት ኢንች ስፒከር ናቸው፣ ሦስተኛው ከድሮ ሲኒማ ቤት የወጣ። ሳጥኑ ያሸለበው ሦስቱንም አንድ ላይ የሰካሁ ዕለት ነው፤ ስለዚህ ጉልበት አንሶታል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ካቢኔት ጀርባ 8 ተጽፎ ከጎኑ የፈረስ ጫማ የመሰለ ምልክት አለ። ሦስት ስምንት ሃያ አራት። አራተኛ ካቢኔት ስትጨምሪልኝ ሠላሳ ሁለት። ስለዚህ ሠላሳ ሁለት የፈረስ ጫማ የሚችል ሄድ ፈልጊልኝ፤ ደቻቱ ራሱ ይጨፍር።

ስለዚያኛው ጉዳይ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ከእግርሽ ሥር
ይሳቅ


ድሬ ዳዋ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ዒሴ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን መጣ። «ወሪያ፣ ምን አለች?» ስለው «ደብዳቤህን አነበበች፣ ገለበጠች፣ ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ ሻይ ጠጣች» አለኝ። ሻይ መጠጣት ይቅርታ ነው?

ጦልሃ ጥፍሩን ቆርጧል። ነገሩ ከሯል።

ይሳቅ


ጅቡቲ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሳቅ፣

ለእናትህ ሰላምታዬን ንገር። ለአንተ ሰላምታ የለኝም፤ ምርቃት ግን አልነፍግህም፤ ልቦና ይስጥህ።

ወር ሊሞላ እስኪል ያልጻፍሁት እጄ ወደ ጥፊ እንጂ ወደ ብዕር አልሄድ ብሎኝ ነው። ጥቁሬን አወለቅሁ። ለቅሶ የደረሱኝን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርሁ «ተሳስቼ ነው፣ አልሞተም» አልኋቸው። ሀዎ «እና ምን ሞተ?» ስትለኝ «አምፕሊፋየር» አልኋት። እስከ ዛሬ በሱቁ ደጃፍ ባለፈች ቁጥር «ነፍስ ይማር» ትለኛለች።

አሁን የምልህን ስማ። ያ ፖስታ ሳይከፈት ይመለስልኝ። ማሸጊያው ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ፤ ከተነካ አውቃለሁ። ፖስታው ሲደርሰኝ ዕቃህ ይጫናል። ካልደረሰኝ ገመድህን ጠቅልል።

ስለ ዕቃው ዝም ልል ነበር፤ ሠላሳ ሁለት የፈረስ ጫማ ስትል ግን አባቴ በመቃብሩ ተገላበጠብኝ። ያ ምልክት ኦም ነው። ኦም ጉልበት አይደለም፤ ካቢኔቱ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እንቢታ ነው። ካቢኔቶች ጎን ለጎን ሲሰኩ ኦማቸው አይደመርም፤ ይቀንሳል። ስምንትና ስምንት አራት ነው። ሦስት ስምንት ደግሞ ሦስት እንኳ አይሞላም።

እንዲህ አድርገህ ያዘው። ሄዱ ሰርግ የደገሰ ሰው ነው። እያንዳንዱ ካቢኔት የቤቱ በር ነው። አንድ በር ስትከፍት እንግዳው በልክ ይገባል። ሁለተኛውን ስትከፍት እጥፍ ይገባል፤ ጎበዝ ደጋሽ ከሆነ ይችለዋል። ሦስተኛውን ስትከፍት ደጋሹ የወጥ ጭልፋውን እንደያዘ ይወድቃል። ያን ሳጥን የገደልኸው አንተ ነህ። ጀርባው ላይ «ከ4 ኦም በታች አይሰካ» የሚል ይኖርበታል። አንተ ጀርባ ላይ መጻፍ እንጂ ጀርባ ማንበብ አታውቅም።

ሁለት ሄድ ለይቻለሁ። አንዱ አሮጌ ነው፤ በሚግል አምፖል የሚሠራ፣ ድምፁ ማር፣ ክብደቱ ግን የታረደ በሬ። ሌላው አዲስ ነው፤ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ አምስት መቶ ዋት፣ እስከ አራት ኦም የሚወርድ። ከካቢኔትም ሁለት አለ። አንዱ አራት ባለ አሥር ኢንች ስፒከር የያዘ፣ ስምንት ኦም። ሁለተኛው አንድ ባለ አሥራ አምስት ብቻ፣ አራት ኦም። የቱን ከየቱ፣ ከእናንተስ ከየትኛው ጋር? ራስህ አስበህ ጻፍልኝ። ሳይገባህ ዕቃ አልሰጥህም።

ደግሞ ፊውዙን አይታችሁታል? የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች።

ጥሩወርቅ


ድሬ ዳዋ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለእትዬ ጥሩወርቅ፣

አምላክ የእውቀትሽን ዘይት አያጉድል።

ስምንትና ስምንት አራት! እትዬ፣ እስከ ዛሬ ይህን ሳትነግሪኝ የት ነበርሽ? የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬን ከሣጥን ሥር ፈልጌ አወጣሁ። መምህሩ በቀይ የሰረዘብኝን ሁሉ አንድ በአንድ ሳየው ለካ ሒሳብ አልወደቅኩም፤ ኤሌክትሪክ ነበር የምሠራው። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በስህተት ነው።

ጀርባ አለማንበብን በተመለከተ ግን፣ ዝምድናችን ከዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

መልሴ ይኸውልሽ። በሬው ይቅር፤ እኛ ወደ ሰርግ የምንሄደው በባጃጅ ነው፣ በሬው ከተጫነ ጦልሃ በእግሩ ሊሄድ ነው። እሱማ ባልከፋ። ቀላሉን ሄድ እወስዳለሁ። አራት ኦም የሆነውን ካቢኔት ለወጥመድ ነው ያስቀመጥሽው፤ አውቄብሻለሁ። እሱ ብቻውን ሁለት በር ነው፤ ከእኛ አንዱን ብጨምርበት ሦስት በር ሆኖ ደጋሹን ይጥልብኛል። ስለዚህ ባለ አራት ስፒከሩን፣ ስምንቱን። ከሥሩ የእኛን ባለ አሥራ አምስት፣ እሱም ስምንት። ስምንትና ስምንት አራት፤ ሄዱም አራትን ይችላል። ትንንሾቹ ጣቴን ያሰማሉ፣ ትልቁ ሆድ ይነካል። የሲኒማ ቤቱን ካቢኔት ከሥልጣን አውርደነዋል። ይህን ለኸባብ ሳስረዳው አፉን ከፍቶ ሰማኝና «ማን ነገረህ?» አለ። በደሜ ነው ያለ አልኩት።

ፊውዙን አይተነዋል።

አሁን ፖስታው።

እትዬ፣ «ለእሱ ይድረሰው፤ ለእሱ ብቻ» ብለሽ ጽፈሻል። ደርሶታል።

ፖስታው በመጣ ማግስት፣ ጠዋት፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ሄድኩለት። «ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ሞተሃል። ይህ ከራስጌህ እንዲቀበር ተልኳል» አልኩት። ቀልድ ነበር፤ ስንስቅ ታይቶኝ ነበር።

«መቼ ሞትሁ?» አለኝ፣ ካቻቢቴውን ከራዲዮው ሳያነሣ።

«ቅዳሜ። ሰርግ ላይ።»

«ደህና ቦታ ነው» አለና ፖስታውን ተቀበለኝ። ማሸጊያው ላይ ስምሽን ሲያይ ካቻቢቴው ወደቀ። ቆሞ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየ፤ እሱ ከሁለታችን ይሻላል።

«ስንት ቀን ተቀመጠች?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ሙሉ ሦስት?»

«ከነሩዙ» አልኩት።

አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተና ቁልፉን ቆለፈበት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያችን ሸሚዝ አልቀየረም። ሐሙስ ሐሙስ ያጥባታል። በድሬ ፀሐይ ሸሚዝ ለመድረቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፤ እሱ ግን ያን ሩብ ሰዓት ወረቀቱን በእጁ ይዞ ገመዱ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሰፈሩ አብዷል ብሎታል።

ምን እንደጻፍሽለት አላውቅም። አልነገረኝም፤ እኔም በሕይወቴ ያልከፈትኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ጠፋ ልልሽ እችል ነበር። ዒሴ ጣለው ብል ዒሴም አይክድ። ግን ሸሚዙን ሲጠብቅ ካየሁት በኋላ መዋሸት አቃተኝ። ዕቃው ካልተጫነ አልፈርድብሽም። ገመድ መጠቅለልም ሙያ ነው ይላሉ፤ ጠቅልለው የማያውቁ ናቸው የሚሉት።

ይሳቅ


ጅቡቲ
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሳቅ፣

ለበዓሉ በሰላም ያድርሳችሁ።

መልስህ ልክ ነው። ስለ ካቢኔቱ ማለቴ ነው።

ዕቃው ዛሬ በዒሴ መኪና ተጭኗል፤ ባለሱቁና ኸባብ በስልክ ተስማምተዋል። ሁለት በር ብቻ። ሦስተኛውን ከከፈትህ መጥቼ አንተን ነው የምሰካህ። ከሄዱ ወደ ካቢኔት የጊታር ገመድ እንዳትጠቀም፤ ቀጭን ነው ይግላል። ወፍራሙን የስፒከር ገመድ አብሬ ልኬአለሁ። መጀመሪያ ካቢኔቶቹን ሰካ፣ ከዚያ መብራቱን። ድምፁን ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልህ ክፈተው። እንደ አፍህ አታድርገው።

ስለ ሌላው ነገር የምጽፈው የለኝም።

ሸሚዙ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ጥሩወርቅ


ድሬ ዳዋ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ለበሮች ሁሉ ጠባቂ፣

እጅሽ ይባረክ። ጣትሽ የነካው ዕቃ ሁሉ አይጥፋ፣ አይሰበር፣ ለጦልሃ አይድረስ።

ሳቢያን ስንደርስ ኸባብ ሰዓቱን እያየ ነበር። ባጃጇ ካቢኔቱን ተሸክማ ግማሽ በሯ ክፍት ነው የመጣች፤ እኔ ከኋላ ሄዱን እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። የእኛን ባለ አሥራ አምስት ከታች፣ የአንቺን ከላይ፣ ሄዱን አናቱ ላይ። እንዳልሽው ሰካሁ። መብራቱን አበራሁ። ከዜሮ ቀስ።

ወፍራሟን ክር አንድ ጊዜ ብቻ ነካኋት።

እትዬ፣ ድምፁ በጆሮ አይደለም የገባው፤ በጫማ ነው። ትሪ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ተያይዘው ወደ ጠርዝ ሄዱ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን ይዛ ወደኔ ዞረችና ሳቀች። ኸባብ ማይኩን እንደያዘ አየኝና ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ጦልሃ ግራ እጁን ቀስ ብሎ ከኪቦርዱ አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ሳብሪን ስትገባ ምድሩ ራሱ ነበር የሚያጅባት። ሲያልቅ ገመዱን ማን እንደጠቀለለ ልንገርሽ? በሁለት እጁ ነው የጠቀለለው፤ ጥሩ ይጠቀልላል።

ጋሽ ዓለምሰገድም መጥቶ ነበር። ማንም አልጠራውም። ከሥልጣን ወርዶ ወንበር እንዲሆነን ያመጣነው የሲኒማ ቤት ካቢኔት ላይ፣ ከስፒከሩ ጎን ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አልተነሣም። «አልበዛብህም?» ስለው «ማን ነው የመረጠው?» አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው አልበዛም» አለ።

በማግስቱ ቤት መጣ። «ሞክሼዬን አሳየኝ» አለ። አሮጌውን ሳጥን አወጣሁለት። በፊቱ ደፋው፤ ጀርባውን አነበበ፤ ከዚያ ያችን ትንሽ ክዳን በሳንቲም ጠርዝ ዞር አደረጋት። ከክብሪት እንጨት ያነሰች መስተዋት ወጣች። ፀሐይ ላይ ያዛት፤ ውስጧ ያለችው ፀጉር የመሰለች ሽቦ ተበጥሳለች። ከራዲዮው ሌላ አምጥቶ አገባባት። ሳጥኑ ጋሽ ዓለምሰገድ ቀይ ዓይኑን ገልጦ «ሽሽሽ» አለ። ደህና ነው። እንደ በፊቱ ወፍራም ነው።

አዎ፣ ፊውዙን አይተነዋል ብዬሽ ነበር። ክዳኑን ነው ያየነው። ያምር ነበር። ብከፍተውማ አዲሱ ሄድ ከየት ይመጣ ነበር?

እንግዲህ አትቆጪ። ሦስት ቀን ለቅሶ፣ አንድ ድስት ሩዝ፣ የዒሴ ምልልስ፣ የአንድ ወር ኩርፊያሽ፣ ሁሉም በአንዲት ፊውዝ ነው። አስቤ አስቤ ያገኘሁት ይህን ነው፦ ነገሩ ተራ ነገር ነበር። በጣም ተራ። ደብዳቤም አያስጽፍም ነበር።

የሸሚዙን ቀለም ጠይቀሽኝ ነበር። ጠያቂውም ተጠያቂውም በሕይወት እያለ እኔ ምን አገባኝ። ወንበር ሳቢና ገጹን ገልብጪ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ የኔ አይደለም።

ይሳቅ